የድሮ ቤት እንጨት ከመገፈፉ በፊት ይታጠብ

አሮጌ ቤት ሲታደስ ፍርዱ ቶሎ የሚወድቀው እንጨቱ ላይ ነው። የበሩ መቃን ጠቁሯል፤ ከግድግዳው ሥር ወለሉን ተከትሎ የሚሄደው ዞኮሎ በላዩ ላይ በተደራረበ ቀለም ታፍኖ ቅርጹ ጠፍቷል፤ የመስኮቱ ደፍ ተሰነጣጥቋል። ያኔ ሁለት ዓይነት ምክር ይመጣል። አንዱ «ነቅላችሁ በኤምዲኤፍ ጣውላ ተኩት፣ ይቀላል» የሚል ነው። ሌላው እንጨት ከሚወዱ ሰዎች የሚመጣ ሲሆን «እስከ ጥሬው እንጨት ገፍፋችሁ እንደ አዲስ ቀቡት» ይላል። የመጀመሪያው ጥፋቱ በግልጽ ስለሚታይ ብዙ ሰው ይጠነቀቀዋል። ሁለተኛው ግን በፍቅር ስም ስለሚመጣ ማንም አይጠረጥረውም፤ ከምስጥና ከውኃ የተረፈውን እንጨት ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው እሱ ነው። እንጨቱም ይቆይ፣ ከቻለም ቅቡ ከነዕድሜው ይቆይ እንላለን። መግፈፍ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ የሚደረስበት ሥራ ነው።

እንጨቱ ለምን ይቆይ ለሚለው መልሱ የጣውላው ጫፍ ላይ አለ። በድሮ ደን ውስጥ በሌሎች ዛፎች ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ያደገ ጥድ በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 8 እና ከዚያ በላይ የዕድሜ ቀለበት ሊኖረው ይችላል፤ በተተከለ ደን ቶሎ ያደገው ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ነው ያለው። ቀለበቱ የተጠጋጋው እንጨት ክብደት አለው፣ ቅርጽ ሲወጣበት ጠርዙ አይፈረፈርም፣ እርጥበት ሲለዋወጥም ብዙ አይጣመምም። ኤምዲኤፍ ከእንጨት ብናኝና ከኮላ የተጨመቀ ነው፤ ወለል ሲወለወል ውኃ ከሥሩ ከገባበት ያብጣል፣ ካበጠ በኋላም አይመለስም። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። የድሮ መቃን ውፍረት ከግድግዳው ልስን ውፍረት ጋር ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ ከመደብር የመጣ ቀጭን ጣውላ ሲገባ በልስኑና በበሩ መካከል ክፍተት ይቀራል። ያ ክፍተት በስቱኮ ይሞላል፣ ስቱኮው ይሰነጠቃል፣ እንደገና ይሞላል።

ቀለም የተቀባ እንጨት ሁሉ «ታፍኖ የቆየ» አይደለም። ይህንን ብዙ ወዳጆች መስማት አይፈልጉም፤ ግን አናጢው ገና ከጅምሩ ለቀለም ብሎ የሠራው እንጨት አለ። ለማወቅ ከቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ከማጠፊያው ጀርባ፣ ዓይን የማያርፍበት ቦታ ይመረጥ። በስለታም ካተር ቀለሙን እስከ እንጨቱ በሰያፍ መቁረጥና ቦታውን በውኃ በረጠበ ቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው፤ ንብርብሮቹ እንደ ደረጃ ተራ በተራ ይታያሉ። ከእንጨቱ ጋር የተጣበቀው የመጨረሻው ንብርብር ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ ቀዳዳው ውስጥ ከሰረገ፣ ያ እንጨት የተወለደው ለቀለም ነው። ቢገፈፍ የሚወጣው ዓይነቱ የተለያየ ጣውላ፣ በስቱኮ የተደፈነ ጉጥና ከቀዳዳው በጭራሽ የማይለቅ ነጭ ዱቄት ነው። እሱን አጽድቶ፣ የወፈረውን ቦታ ብቻ አሳስቶ መልሶ ቀለም መቀባት ይገባል። ከቀለሙ ሥር ማር የመሰለ ብርቱካንማ ብርሃን ያለው ንብርብር ከታየ ግን እንጨቱ በፊት ገላውን አሳይቶ ይኖር ነበር ማለት ነው።

ቀለም ሳይነካው በቫርኒሽ ወይም ከነፍሳት ሙጫ በሚሠራው ቅብ በሼላክ ብቻ የጠቆረ እንጨት ደግሞ አብዛኛው ጥቁረቱ ቆሻሻ ነው፤ የምድጃ ጭስ፣ የእጅ ቅባት፣ በየጊዜው የተቀባ ሰም። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በአኳራጅ፣ ማለትም በዘይት ቀለም ማቅጠኛው፣ አርሶ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ማሸት ነው። ጨርቁ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ሲነሳና እንጨቱ ሥር ቀይ ወይም ወርቃማ ሲወጣ፣ መግፈፊያ መድኃኒት ለመግዛት የታሰበው ገንዘብ ኪስ ውስጥ ይቀራል። የደረቀ ሰም ካለበት አራት ዜሮ የተጻፈበትን በጣም ቀጭን የብረት ሱፍ በዚያው ፈሳሽ ነክሮ የእንጨቱን ጭረት (የክሩን መስመር) ተከትሎ ብቻ ማሸት ይቻላል። በኦክና ታኒን (ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚጠቁር የእንጨት ንጥረ ነገር) በበዛበት እንጨት ላይ ግን የብረት ሱፍ አይገባም፤ የሚቀረው ብናኝ እርጥበት ሲያገኝ ጥቁር ነጥብ ያወጣል።

ከጸዳ በኋላ ቅቡ ምን እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። ከ95 በመቶ በላይ የጠራ አልኮል በጥጥ ጠብታ አድርጎ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከተጣበቀና ጥጡ ቡናማ ከሆነ ሼላክ ነው። አልኮሉ ምንም ካላደረገውና የላከር ማቅጠኛ ካለሰለሰው ላከር የሚባለው ቶሎ የሚደርቅ አንጸባራቂ ቅብ ነው። ሁለቱንም ከተቋቋመ ቫርኒሽ ወይም ከዚያ በኋላ የመጣው ፕላስቲክ መሰል ቅብ ፖሊዩሪቴን ነው።

ሼላክ ከሆነ ዕድል ነው። ሼላክ በሕንድና በታይላንድ አካባቢ ዛፍ ላይ የምትኖር ትንሽ ነፍሳት ከምታወጣው ሙጫ የሚሠራ ሲሆን፣ መቶ ዓመት ቢያልፈውም አልኮል ሲነካው መልሶ ይቀልጣል። እንደ ደረቀ የኩሬ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ያለ መቃን እንኳ ሳይገፈፍ ይመለሳል። ለስላሳ ብሩሽ በአልኮል አርሶ ግማሽ ሜትር ያህል ቦታ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ መሳብ ነው፤ ስንጥቆቹ ጠርዝ ጠርዛቸው ይለሰልሳል፣ እርስ በርስ ይፈስሳሉ፣ ብርሃኑ ይመለሳል። እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰው ደጋግሞ የሚያሽ ነው፤ ሁለተኛ ሲያሽ ቅቡ ተላቆ ብሩሹ ላይ ይጠቀለላል። አንድ ጊዜ ተስቦ ይተው። ካልበቃው በማግስቱ ይደገማል።

መግፈፍ የሚገባው ጥሩ እንጨት ከሼላክ በላይ በቀለም ሲሸፈን፣ ወይም ቅቡ በውኃ ነጭቶ እየተቀረፈ ሲሄድ ነው። ከዚያ በፊት ግን ስለ እርሳስ መናገር ግድ ነው፤ የብረቱን ዓይነት ማለት ነው። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ሌሎች አገሮች ቀድመው ወይም ዘግይተው አግደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይናገራል። ስለዚህ የቆየ ቀለም ካልተመረመረ በስተቀር እርሳስ አለበት ብሎ መሥራት ነው። ደረቅ ቀለም በማሽን አይፈተግ። ክፍሉ በፕላስቲክ ይሸፈን፣ ልጅና ነፍሰ ጡር ከቤት ይውጡ፣ የሚሠራው ሰው የደቃቅ ብናኝ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያድርግ፣ ፍርፋሪው እርጥብ ሆኖ ይሰብሰብ። መጥረጊያ ብናኙን ያስነሳል እንጂ አያጸዳውም።

ከሼላክ በላይ ያለ ቀለም በሙቀት ሲነሳ ደስ ይላል። ሼላክ በ75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚለሰልስ ላዩ ላይ ያሉት ቀለሞች በሙሉ እንደ ሙዝ ልጣጭ አንድ ላይ ይነሳሉ። የሞቀ አየር የሚነፋው ማሽን ስለዚህ ወደ ዝቅተኛው መጠን ይደረግ። ቀለሙ ማበጥ ሲጀምር ስፓቱላው ይግባ፤ ጭስ ከወጣ ሙቀቱ በዝቷል፣ እርሳሱም ወደ ሳንባ እየሄደ ነው። መስታወት አጠገብ ሙቀት አይሠራበት፣ ይሰነጠቃል። ከመቃኑ ጀርባ የተከማቸ አቧራና የአይጥ ጎጆ ደግሞ ሳይታይ ተለኩሶ ከሰዓታት በኋላ ቤት ያቃጥላል። የሙቀት ሥራ ከመውጣታችን ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ይቁም፤ ያ ሰዓት እያሸተቱና በእጅ እየዳሰሱ የሚያልፍ ይሁን።

ቅርጽ የተቀረጸበት ቦታ ሙቀት አይደርስበትም፤ እዚያ ኬሚካል ይገባል። ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት መግፈፊያ ፈጣን ነው፣ ግን ሰው ገድሏል። ሰውነት ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፣ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ ዝግ ክፍል ውስጥ ወለሉ ላይ ይተኛል። በቤንዚል አልኮል የተሠራውን ወፍራም ዝልግልግ በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቀብቶ፣ በፕላስቲክ ሸፍኖ ማሳደር ይሻላል። ጠዋት ላይ ቀለሙ እንደ ቅቤ ይነሳል። ለጥልቅ መስመሮች የአሮጌ መጋዝ ቁራጭ በሞረድ የቅርጹን ግልባጭ አውጥቶ መፋቂያ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ቀላል መሣሪያ ከየትኛውም ማሽን ይበልጣል። እንጨቱን ነቅሎ የኮስቲክ ሶዳ ገንዳ ውስጥ መንከር ግን አይደረግ። ኮላውን ያሟሟል፣ ጭረቱን ያቆማል፣ ኦክን ያጠቁራል፤ ውስጡ የቀረው ሶዳም ከወራት በኋላ አዲሱን ቅብ ያስነሳል።

መነቀል ካለበት መጀመሪያ እንጨትና ልስን የተገናኙበት የቀለም መስመር በካተር ይቆረጥ፤ ያ ካልሆነ ልስኑ አብሮ ይመጣል። ሁለት ሰፊ ስፓቱላዎች ይገቡና መፈልቀቂያው ብረት በመካከላቸው ይገባል፤ የሚፈለቀቀው ሚስማሩ ያለበት ቦታ ነው፣ ከመሐል ከተገፋ ጣውላው ይሰነጠቃል። ጣውላው ከወጣ በኋላ ሚስማሩን ከፊት በመዶሻ መልሶ መምታት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጭንቅላቱ ሲወጣ የፊቱን ገጽ ቦጭቆ ይወጣል። ከጀርባ በፒንሳ ይዞ ወደ ኋላ መሳብ ነው፤ ጭንቅላቱ እንጨቱ ውስጥ ያልፋል፣ ፊቱ ላይ የቀድሞው ስቱኮ ሳይነካ ይቀራል። ከዚያ እያንዳንዱ ጀርባ ላይ ክፍሉ፣ በሩና ጎኑ ይጻፍ፤ በእጅ የተለካ ቤት ውስጥ ግራና ቀኙ እኩል አይደለም።

የበሰበሰ ቦታ በወስፌ ይፈተናል። ወስፌው በቀላሉ ከሰጠመና እንጨቱ ረጅም ስንጣሪ ሳያወጣ አጭር ሆኖ ከተሰበረ ያ ክፍል ሞቷል፤ እርጥበቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ግን ጥገና አይጀመር። የሞተው እስከ ጤነኛው ተቆርጦ በዚያው ዓይነት እንጨት፣ ጭረቱ በዚያው አቅጣጫ በሆነ መጣፊያ ይተካል። መጣፊያው አራት ማዕዘን ከሆነ ጭረቱን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጠው መስመር ከሩቅ ይታያል፤ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ከሆነ ዓይን ያልፈዋል። በኮላ የተለወሰ የእንጨት ብናኝ ትንሽ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ቀለም ግን አይጠጣም፤ ለትልቅ ቦታ አይሆንም። በኦክ ላይ ሚስማር የተወውን ጥቁር እድፍ ኦክሳሊክ አሲድ ያነሳዋል፤ ወደ 80 ግራም በ1 ሊትር ሙቅ ውኃ፣ በጓንትና በመነጽር። ጥቁሩ ነጥብ ላይ ብቻ ከተቀባ ነጭ ደሴት ስለሚተው ጣውላው በሙሉ ይቀባ፤ ሲደርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ በውኃ ይታጠብ። የደረቀው ዱቄት ሳንባ ስለሚጎዳ ሳይታጠብ አይፈተግ።

ፍተጋው በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ150 ወይም በ180 ይቁም፣ በእጅ። የሚሽከረከር ማሽን ቅርጹን ያደበዝዛል፤ የተሳለ ጠርዝ አንዴ ክብ ከሆነ አይመለስም። ለመቃንና ለዞኮሎ ሼላክ ራሱ ጥሩ ቅብ ነው፤ 240 ግራም ቅርፊት በ1 ሊትር አልኮል ተሟሙቶ፣ የመጀመሪያው እጅ ቀጥኖ፣ ሦስት ስስ እጅ። የተሟሟበት ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፍ፤ ከስድስት ወር በኋላ መስታወት ላይ ተቀብቶ ካልደረቀ ይጣል። የመስኮት ደፍ ውኃ ስለሚያገኘው ቫርኒሽ ይፈልጋል። የተልባ ዘይት ያለበት ነገር ከተቀባ ጨርቁ ተጨማድዶ አይጣል፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም ውኃ ባለበት ቆርቆሮ ይከደን።

ሲመለስ ጀርባውም አንድ እጅ ይቀባ፤ በአንድ ወገኑ ብቻ የታሸገ ጣውላ እርጥበት ስቦ ይጎብጣል። ሚስማሩ በቀድሞው ቀዳዳ ከመጠኑ ትንሽ ወፈር ብሎ ይግባ፤ ቀዳዳው መጨረሻ ላይ ቀለም በተነከረ ሰም ይደፈን። የተረፈች ቁራጭ ካለች አትጣል፤ ጀርባዋ ላይ የሼላኩ ልክ፣ የቀለሙ ዓይነትና የተሠራበት ቀን ተጽፎ ጣሪያው ሥር ትቀመጥ። ከ30 ዓመት በኋላ መጣፊያ የሚፈልገው አናጢ ትክክለኛውን እንጨት እዚያ ያገኛል።