የበረዶ ማስጠንቀቂያና የቧሂት መንገድ

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ዴንቨር ላይ ከባድ በረዶ ሊጥል ሲል ወሬው የሚጀምረው አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት መጀመሪያ «ሊመጣ ስለሚችል ተዘጋጁ» ይላል፤ መምጣቱ እርግጥ ሲሆን ዋናውን ማስጠንቀቂያ ያወጣል። መልእክቱ አይንዛዛም። የትኛው አካባቢ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል በረዶና ምን ያህል ነፋስ እንደሚያገኘው ይናገርና ጉዞ አስቸጋሪ፣ ሲብስም የማይቻል ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል። የግድ የሚጓዝ ሰው መኪናው ውስጥ የእጅ ባትሪ፣ ምግብና ውኃ እንዲይዝ ይመክራል። ነፋሱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ደርሶ፣ ከ400 ሜትር በላይ ማየት የማይቻልበት ሁኔታ ቢያንስ 3 ሰዓት የሚቆይ ከሆነ ስሙ ራሱ ይለወጣል፤ ብሊዛርድ ይባላል። ያን ጊዜ ከቤት አለመውጣት ነው።

እኔን የሚገርመኝ ራዳሩና ሳተላይቱ ሳይሆን ከማስጠንቀቂያው በኋላ የሚሆነው ነው። ትምህርት ቤቶች ማታውኑ ለወላጅ መልእክት ይልካሉ። ቢሮ የሚሠራው ከቤቱ ይሠራል። ከዴንቨር ወደ ተራራው በሚወጣው ኢንተርስቴት 70 አውራ ጎዳና ላይ የጎማ ሕግ አለ፤ በበረዶ ቀን ጎማው ባለቀ መኪና የተገኘ ይቀጣል፣ ሲብስ መንገዱ ጨርሶ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በአውሮፕላን ማረፊያው ወደ 69 ሴንቲ ሜትር በረዶ ሲከመር ማኮብኮቢያዎቹ ተዘግተው ነበር። በዚያ ቀን ከሥራ የቀረን ሰው ሰነፍ ያለው የለም። መቅረቱን አለቃውም ጎረቤቱም ሕጉም ተቀብለውለታል።

ሁሉም ሰው ግን አይቀርም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ወገኖቼን እበድላለሁ። ነርሲንግ ሆም አዛውንት የምታነሣ፣ የምታጥብና የምታበላ እህታችን በረዶ ነው ብላ መቅረት አትችልም፤ ተረኛዋ ካልመጣች እንዲያውም ድርብ ተረኛ ትሆናለች። ታክሲ የሚነዳውና ምግብ የሚያደርሰው ወንድማችን ደግሞ የተሻለ ገንዘብ የሚያገኘው ሌላው ሰው ቤቱ በተከተተበት ቀን ነው። «እቤት ቆዩ» የሚለው መልእክት ስልኩ ላይ ሲደርስ እሱ መሪ ጨብጧል። የማስጠንቀቂያው ጥቅም ለመቅረት አቅም ባለው ሰው ልክ መሆኑን መጀመሪያ ያየሁት ጎንደር ሳይሆን እዚሁ፣ ደህና ደመወዝ አለ በሚባልበት አገር ነው።

ተራራው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በኮሎራዶ የበረዶ ናዳን ብቻ የሚከታተል መሥሪያ ቤት አለ፤ በዊንተር በየቀኑ የአደጋውን መጠን ከ1 እስከ 5 በሆነ ደረጃ ያወጣል። ናዳ በብዛት የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባጋደለ ቁልቁለት ላይ ነው። በናዳ ከሚሞቱት የሚበዙትም ናዳውን የቀሰቀሱት ራሳቸው ወይም አብሯቸው ያለ ሰው ነው፤ የተደራረበው በረዶ ውስጥ ደካማ ንብርብር ሲኖር የአንድ ሰው ክብደት ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ ወደዚያ የሚወጣ ሰው ሲቀበር ያለበትን የሚጠቁም የሬዲዮ ምልክት መስጫ፣ መውጊያ ዘንግና አካፋ ይይዛል፤ ከበረዶ ሥር ያለ ሰው ብዙ ደቂቃ የለውምና። ማስጠንቀቂያውን እያነበበ የሚወጣ አለ። የሚወጣው ለመዝናናት ነው፤ ቢቀር የሚጎድልበት የለም። ስለ እሱ ሳስብ የሰሜን ተራራው በቅሎ ጫኝ ፊቴ ይመጣል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል፤ ከዴንቨር የበለጠ ከፍታ ላይ ነን። የራስ ደጀን ጫፍ 4,550 ሜትር ደርሶ አመዳይ የሚለብስ፣ አልፎ አልፎም በረዶ የሚነጣበት ነው። አፍሪካ ሁሉ በረሃ የሚመስላቸው ፈረንጆች ይህን ስነግራቸው አያምኑም። ለመንገደኛው ግን ከንጣቱ ይልቅ አስፈሪው የሐምሌና የነሐሴ ወር ነው፤ ድንጋይ የሚያህል በረዶ፣ ዶፍ፣ ጭቃ፣ ናዳና ጉም።

ሊማሊሞን የወረደ ሰው ያውቀዋል። መንገዱ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በጣሊያን ጊዜ የተቀደደ ነው፤ ከደባርቅ ደጋ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። ጉም ሲወርድበት የመኪናው አፍንጫ አይታይም። ረዳቱ ወርዶ ፊት ፊት በእግሩ እየሄደ ለሾፌሩ መንገድ ሲያሳይ በዓይኔ አይቻለሁ። ሾፌሩን፣ ጉሙ እስኪገልጥ ለምን እንደማይጠብቅ ስጠይቀው ፊቱን ከመንገዱ ሳያነሣ እንዲህ አለኝ፦

«ወንድምዓለም፣ እኔ ስጠብቅ ተሳፋሪው ይወርዳል፤ ከኋላ የመጣው ይጭነዋል። ማታ ባለመኪናው ጉም ነበር ብለው ይሰማኛል?»

ይህ ሰው የአየሩን ነገር ከእኔ አብልጦ ያውቃል። የትኛው መታጠፊያ ላይ ድንጋይ እንደሚወርድ፣ ጉሙ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ይናገራል። የጎደለው እውቀት አይደለም።

ከሊማሊሞ ይልቅ የማይወራለት የቧሂት መንገድ ነው። ከደባርቅ በሳንቃበርና በጨነቅ አልፎ ወደ ጃናሞራ የሚሻገረው ይህ ጥርጊያ በቧሂት ተራራ በኩል 4,200 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ኮሎራዶ ውስጥ ትሬል ሪጅ የሚባለው ዝነኛ የመኪና መንገድ ከፍታው 3,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ እሱ በእ.ኤ.አ. አቆጣጠር ከጥቅምት አጋማሽ ገደማ ጀምሮ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይዘጋል፤ ሰውም ሌላ መንገድ አለው። በቧሂት ግን አይሱዙው ጭነት ላይ ሰው ደርቦ፣ እናት ልጇን በነጠላ ጠቅልላ፣ ታማሚ በጋቢ ተሸፍኖ ይሻገራል። ደባርቅ ሆስፒታል ለመድረስ ያለው እሱ ነው። ዝጉት ማለት ቀላል ነው፤ ዘግቶ ሰውን የት ያደርጉታል?

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያ ያወጣል፤ ለገበሬው ትልቅ ነገር ነው፣ ዘሩን መቼ እንደሚጥል ይጠቁመዋል። ነገር ግን «በሰሜን ጎንደር ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» የሚል ቃል ነገ ከሰዓት በኋላ ቧሂት ላይ ለሚሆነው ሰው አይደርስም፤ ስልኩም እዚያ ኔትወርክ አይዝም። የአካባቢው ሰው የራሱ ሕግ አለው። በክረምት ሰማዩ የሚከፋው በብዛት ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋት ተነሥተህ ከቀትር በፊት ተሻገር ይሉሃል። ይህን ሽማግሌ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር መነኻሪያው የመነሻ ሰዓት አድርጎ ቢይዘው ምን ያህል ነፍስ ይተርፍ ነበር እላለሁ።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ በጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት ናዳ ከሐሳቤ አይወጣም። ናዳው መጀመሪያ የቀበራቸውን ለማውጣት የሮጡት ጎረቤቶች ላይ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ወገን ሲቀበር ቆሞ የሚያይ ሕዝብ አይደለንም። ለዚያ ነው የራሰ ተራራ ዳግመኛ ሊናድ እንደሚችል፣ አንድ ሰው ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ገደሉን መጠበቅ እንዳለበት በየቀበሌው አስቀድሞ መነገር ያለበት። ይህ ሳተላይት አይፈልግም። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ፣ በእድርና በገበያ ቀን ሊነገር ይችላል።

ወደ በቅሎ ጫኙ ልመለስ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ መዝገብ ከገባ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋልያና ጭላዳ ለማየት ዓለም ይመጣል፤ ሰላም በሆነ ጊዜ ሁሉ። እንግዳው ወፍራም ጃኬት፣ ውኃ የማያስገባ ጫማ፣ የእንቅልፍ ከረጢት አለው። ዕቃውን የሚጭንለት ልጅ ጋቢና የላስቲክ ጫማ ነው ያለው። ዝናብ ያራሰው ጋቢ በዚያ ከፍታ ላይ ሌሊት ሰው ይገድላል። ልጁ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ግን አየሩ ከፍቶ እንግዳው «ዛሬ እንቅር» ሲል ለእንግዳው ዕረፍት ነው፣ ለእሱ የቀን ገቢ መቅረት ነው። ስለዚህ «ይገልጣል፣ እንሂድ» የሚለው እሱ ይሆናል።

እንግዳ የሚያመጡ አስጎብኚዎች፣ በተለይም ከእኛ ከውጭ ካለነው ጋር የሚሠሩት፣ ውላቸው ላይ ሁለት መስመር እንዲጨምሩ እለምናለሁ፦ በአየር ጠባይ ምክንያት የቆመ ቀን ለመሪውም፣ ለስካውቱም (ለታጠቀው የፓርክ ጠባቂ)፣ ለበቅሎ ጫኙም ሙሉ ይከፈላል፤ ከሳንቃበር በላይ የሚወጣ ሠራተኛ ሁሉ የዝናብ ልብስና የሚሞቅ መኝታ ይሰጠዋል። እኛም ዘመድ ስንጠይቅ ተራራውን ልናይ ስንወጣ ይህን ሳንጠየቅ እንክፈል፤ ጉም በወረደበት ቀንም ሾፌሩን ደባርቅ ላይ አሳድረን አበሉንና የመኪናውን ኪራይ እንቻልለት።