ካርቶኗ ታንኳ ላይ ስትፈተን

አዲስ ዕቃ ስለ መንደፍ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «መጀመሪያ ቡድኑ ተሰብስቦ ሐሳብ ያዋጣ፣ ናሙና መጨረሻ ላይ ይሠራ» ይላል። ቅደም ተከተሉ አልተዋጠልኝም።

እኛ ባሕር ዳር ላይ አምስት ሆነን ለዓሣ አጥማጆች ማቀዝቀዣ ሣጥን ልንሠራ ተነሣን። በመጀመሪያው ስብሰባ በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ «ጎማ ይኑረው» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ስለ ጎማ ብቻ አወራ። ይሉኝታ! በቡድን ሐሳብ የማዋጣትን ዘዴ (ብሬንስቶርሚንግ) ያስተዋወቀው አሜሪካዊ የማስታወቂያ ባለሙያ አሌክስ ኦዝቦርን ሐሳብ ሲዋጣ ትችት ይከልከል ይል ነበር፤ እኛን ያሰረን ግን ትችት ሳይሆን አክብሮት ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. በየል ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራም ለየብቻ ያሰቡት ሰዎች ሐሳብ ሲደመር በቡድን ከተቀመጡት በልጧል። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ሁሉም ዝም ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈ፣ ከዚያ ተነበበ።

ናሙናዋን ከካርቶንና ከፕላስተር በአንድ ከሰዓት ሠርተን ጣና ዳር ወሰድናት። አንድ አጥማጅ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሞልቶ የደንገል ታንኳው ላይ አስቀመጣት። ትንሽ ቀዝፎ ሲመለስ ታቿ በስብሶ ዓሣው ተዘርግፏል። ለካ የታንኳው ወለል ደርቆ አያውቅም! ጎማውንማ ማን አስታወሰው። «እግር አብጁላት፤ ማንጠልጠያዋም በአንድ እጅ የሚያዝ ይሁን፣ ሌላው እጄ መቅዘፊያ ይዟል» አለን።