ደብተሩ ሞልቷል፣ ልጁ ግን አልተማረም

የጎረቤቴ ልጅ መስማት የተሳነው ነው። እስከ አራተኛ ክፍል እዚሁ አዲስ አበባ፣ መንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በልዩ ክፍል በምልክት ቋንቋ ተማረ። ዘንድሮ አምስተኛ ሲገባ ከሚሰሙት ልጆች ጋር ተቀላቀለ። እናቱ ደስታዋን አልቻለችውም። "ልጄ እንደ ሰው ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ሊማር ነው" አለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ደብተሩን ገልጬ አየሁ። እጅ ጽሑፉ ሲያምር! የሳይንሱን ኖት አንድ ፊደል ሳያጎድል ከሰሌዳ ገልብጦታል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ተደርጎበታል። ከእሱ በለመድኩት ጥቂት ምልክት፣ አንዱን ቃል በጣቴ እያሳየሁ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት። አያውቀውም። ቀጥሎ ያለውንም አያውቀውም። ገጹን ሙሉ ምን እንደጻፈ አያውቅም።

መምህሩ ላይ መፍረድ ይከብደኛል። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። ምልክት ቋንቋ ያስተማረው የለም። ወደ ሰሌዳው ዞሮ እየጻፈ ሲያስረዳ ልጁ የሚያየው ጀርባውን ነው።

አካቶ ትምህርት፣ ማለትም አካል ጉዳተኛ ልጆችን ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ማስተማር፣ በወረቀት ላይ ከተጻፈ ቆይቷል። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም በ2002 አጽድቀናል። ክፍል ውስጥ የጎደለው ግን በእጁ የሚያስረዳ ሰው ነው።

ልጁ ወደ ልዩ ክፍሉ ይመለስ ማለቴ አይደለም። በፍጹም። በእረፍት ሰዓት ኳስ አብረውት የሚጫወቱ ሦስት ልጆች "ና"፣ "አቀብለኝ"፣ "ውሃ" ማለትን በምልክት ለምደዋል። ሰፈር ድረስም ይመጣሉ። ይህን ለብቻው ተቀምጦ ከየት ያገኘው ነበር?

መስማት የተሳናቸውን ልጆች በየሴክሽኑ አንድ አንድ እያደረጉ ከመበተን አንድ ላይ መድበው አስተርጓሚ ይስጧቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስመርቃል። ትምህርት ቢሮው ለእነዚህ ምሩቃን በየትምህርት ቤቱ መደብ ይክፈት። በጀት የለም ከተባለ ደግሞ፣ መምህሩ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ እንዲያስረዳና ልጁን ከፊት እንዲያስቀምጠው ማድረግ ሳንቲም አያስወጣም። ይህ ግን ለጊዜው ነው፣ አስተርጓሚን አይተካም።

ሰኞ ከእናቱ ጋር ርዕሰ መምህሩ ዘንድ እንሄዳለን። ደብተሩን ይዘን ነው የምንሄደው። በሚቀጥለው ዓመት የስድስተኛ ክፍል ፈተና ይጠብቀዋል።