«ጆሮ የለህም» ከማለታችን በፊት

የእህቴ ልጅ 13 ዓመቱ ነው። በቅርቡ የመዝሙር ልምምድ ላይ አሰልጣኙ አስቁሞት «አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ፣ ጆሮ የለህም» አለው። አጠገቡ የነበሩት ልጆች ሳቁ። ቤት ሲገባ ነጠላውን ወንበሩ ላይ ወርውሮ «ሁለተኛ አልሄድም» አለ።

ማታ ክራሬን ከግድግዳው አወረድኩ። «ጀርባህን ስጠኝና ተቀመጥ» አልኩት። አንዱን ክር ሁለቴ ወይም ሁለት ክሮች በተራ እመታለሁ፤ እሱ «አንድ ነው» ወይም «ይለያያል» ይላል። ቀጥሎ የትኛው ድምፅ ቀጭን፣ የትኛው ወፍራም እንደሆነ ጠየቅኩት። ከዚያ አንዲት አጭር ዜማ ሁለቴ ተጫወትኩለት። በሁለተኛው ላይ አንዷን ድምፅ ብቻ ቀየርኩ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ተቀየረች» ብሎ ቦታዋን ጉልበቱ ላይ በጣቱ እየመታ አሳየኝ። ሃያ ጊዜ ያህል ጠየቅኩት፣ አንዴ ብቻ ሳተ።

ልጁ ጆሮ አለው። ገና ያልተገራው ጉሮሮው ነው። ድምፁ መጎርነን የጀመረበት ዕድሜ ላይ ነው ያለው፤ ትናንት የወጣለት ዜማ ዛሬ ቢሰበርበት ምን ይገርማል?

መስማት ሌላ፣ ማዜም ሌላ። እኛ ግን ልጁ ሲያዜም ሰምተን በጆሮው ላይ እንፈርዳለን። በዚህ ዕድሜ የተባለ ነገር ደግሞ ዕድሜ ልክ ይከተላል።

እርግጥ ዜማ መለየት የሚያቅታቸው ሰዎች አሉ። ችግሩ አሙዝያ ይባላል። ከልደት ጀምሮ የሚኖርባቸው ሰዎች ጆሯቸው በደንብ ይሰማል፣ አእምሯቸውም ጤነኛ ነው። ነገር ግን ፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ያሉ የሁለት ቁልፎች ልዩነት እንኳ ላይታወቃቸው ይችላል። በንግግር ግን ብዙ አይቸገሩም። «መጣ» እና «መጣ?» ሲባሉ ይለያሉ፤ ጥያቄው ላይ ድምፁ ብዙ ከፍ ይላልና። ለዚህም ነው ወላጅም አስተማሪም ሳያውቅ ዓመታት የሚያልፉት።

ይህን ለመለየት በካናዳ ሞንትሪያል ተመራማሪዋ ኢዛቤል ፔሬትዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ፈተና አሳትመዋል። ስድስት ክፍል አለው፦ ሦስቱ ዜማን፣ ሁለቱ ምትን፣ አንዱ ትውስታን ይመለከታሉ። በአብዛኛው ሁለት አጫጭር ዜማዎች ይሰሙና «አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?» ተብሎ ይጠየቃል። ችግሩ ያለባቸው ሰዎች ቀደም ሲል ከ100 አራት ያህል እንደሆኑ ይገመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ 20,000 ያህል ሰዎች የተፈተኑበት ጥናት ግን ወደ 1.5 አወረደው። በሌላ የካናዳ ጥናት ደግሞ ከ100 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 17 ያህሉ «እኔ ጆሮ የለኝም» ብለው ነበር። አስቡት እንግዲህ፣ ስንቱ ሰው በሌለበት ነገር ራሱን ሲወቅስ እንደሚኖር!

ችግሩ በእውነት ያለባቸው ልጆችስ? እ.ኤ.አ. በ2012 ከ10 እስከ 13 ዓመት የሆኑ አሙዝያ ያለባቸው ስምንት ልጆች ለአራት ሳምንት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ እንዲያዳምጡ ተደረገ። ለውጥ አልታየም። እንዲህ ያለውን ልጅ «ስላልተለማመድክ ነው» እያሉ መጨቅጨቅ ግፍ ነው። አንዱ ልጅ የድምፅ ልምምድ ያስፈልገዋል። ሌላው «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» የሚለው ሰው። ሳይፈትኑ ማን የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላም ነገር አለ። የሞንትሪያሉ ፈተና ዜማዎች በምዕራባውያን ስልት የተደረሱ፣ በፒያኖ ድምፅ የሚሰሙ ናቸው። ከዜማው ክፍሎች አንዱ ከስልቱ የወጣችን ድምፅ ለይ ይላል። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ያደገ ልጅ ግን ጆሮው የለመደው ሌላ ነው። ፈረንጁን የምትቆረቁረው ድምፅ እሱን ላትቆረቁረው ትችላለች። ያንን ፈተና እንዳለ አምጥተን ብንሰጠው ጤነኛውን ልጅ አሙዝያ አለበት ልንለው እንችላለን።

ስለዚህ በራሳችን ቅኝቶች የተሠራ ፈተና ያስፈልገናል። የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለን። የሥነ ልቦና ምሁራን አሉን። ከድጓ መምህራንም ምክር ይጠየቅ፤ ተማሪ የቱ ጋ እንደሳተ ወዲያው የሚይዝ ጆሮ አላቸው። ዕቃው ብዙ አይደለም፦ በክራርና በማሲንቆ የተቀዱ አጫጭር ዜማዎች፣ ለምቱ ከበሮ፣ አንድ ስልክና ማዳመጫ። በትምህርት ቤት የጥበባት ክፍለ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። አደራ፣ ውጤቱ ለልጁና ለወላጆቹ ብቻ ይነገር። ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወይም ከመዘምራን ማስወጫ ከሆነ ባይኖር ይሻላል።

ባለፈው እሁድ ጠዋት ክራሬን ስቃኝ የእህቴ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆየ። «ጋሼ፣ ሦስተኛዋ ክር ወርዳለች» አለኝ። መታኋት። እውነትም ወርዳለች።