ጉዳዩ፦ ያለፈቃድ ቀጥ ብሎ መቅረትን ይመለከታል

ለክቡር ዴስክቶፕ ኮምፒውተር
ከማመልከቻ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ሥር
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የምንሰማው ደግ አይደለም። ከስናን ወይም ከማቻከል የመጣ ባለጉዳይ የድንበር ክሱን እያስጻፈ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ «ተከሳሽ ወሰኔን ገፍቶ» ከሚለው ሲደርስ፣ እርስዎ ቀጥ ይላሉ። ማውዙ አይንቀሳቀስ፣ ሰዓቱ አይቆጥር። ጸሐፊዋ በግድ አጥፍታ ስታበራዎት ደግሞ ምንም እንዳላጠፋ ሰው «እንኳን ደህና መጡ» ይሏታል። ሦስቱ ገጾች የሉም።

«በዘፈቀደ ነው ስታክ የሚያደርገው» እየተባለም ይወራልዎታል። ይህን ስም ያተረፉት በመደበቅ ነው። ዋሸራ ገብተው ቅኔ የተማሩ ይመስል ሰምዎ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መድረቅ። ወርቁ ግን ከራሙ (ከጊዜያዊ ማስታወሻዎ)፣ ከፓወር ሰፕላዩ (መብራት ከሚያከፋፍለው ሳጥን)፣ ሰነድ ከሚያስቀምጠው ዲስክ፣ ከሙቀቱ ወይም ዕቃን ከዊንዶውስ ጋር ከሚያግባባው ድራይቨር ሥር ተቀብሯል። እንግዲህ ልንፈታዎት ተነስተናል።

ምርመራው ከኪቦርድ ይጀምራል። በደረቁበት ቅጽበት ካፕስ ሎክን እንጫናለን። መብራቷ ከበራችና ከጠፋች ውስጥዎ ሕያው ነው፤ የተኛው ስክሪኑ ወይም አንድ ፕሮግራም ነው። ያን ጊዜ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ አብረው ሲጫኑ የግራፊክስ ድራይቨሩ እንደገና ይነሳል። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ከተመለሰ ጥፋተኛው በግማሽ ተያዘ። የካፕስ ሎክ መብራት ንቅንቅ ካላለች ግን ነገሩ በአብዛኛው ከዕቃ ነው። የዲስክ መብራትዎ ለደቂቃዎች ሳትርገበገብ በርታ ከቀረች ደግሞ፣ ዲስክዎ አንዲት ቦታ ማንበብ አቅቶት እየደጋገመ ይሆናል።

ቀጥሎ የራስዎ መዝገብ፣ ኢቨንት ቪወር። እዚያ ከርነል-ፓወር 41 የሚል ቀይ ምልክት አይቶ «ፓወር ሰፕላይ ነው!» ብሎ ወደ ገበያ የሚሮጥ አይጠፋም። 41 የሚመሰክረው በወጉ ሳይዘጉ መጥፋትዎን ብቻ ነው፤ ቁልፉን ተጭነን በግድ ስናጠፋዎትም ያንኑ ይጽፋሉ። እኛ የምናነበው ከእሱ በፊት ያሉትን ደቂቃዎች ነው። «ዲስክ 7» ካለ የተበላሸ ቦታ አለ። 129 ወይም 153 ከሆነ ዲስኩ ተጠይቆ በጊዜው አልመለሰም።

እርስዎ ግን ይህ ሁሉ ሳይነካ ፎርማት ቢደረጉ ደስ ይልዎታል። በየጥገና ቤቱ ወዳጅ አለዎት፤ ገና ሳይከፍትዎ «ፎርማት ያስፈልገዋል» የሚል። ፎርማት ሆነው ለጥቂት ቀን ጨዋ ይሆናሉ፣ ከዚያ ወደ ልማድዎ። ያበጠ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ትንሽ ዕቃ) በፎርማት አይሟሽሽም።

ዲስኩን የዲስክ ጤና በሚያሳየው ፕሮግራም፣ በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ እናያለን። የተበላሹና የተጠረጠሩ ቦታዎችን የሚቆጥሩት 05 እና ሲ5 የሚሉት መስመሮች ከዜሮ በላይ ከሆኑና እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩ እየሞተ ነው። ያን ጊዜ መጀመሪያ ሰነድ ይገለበጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው የዊንዶውስ ዲስክ ፈታሽ፣ ቼክ ዲስክ፣ የሚታሰበው፤ ረጅም ፍተሻ የደከመ ዲስክን ሊጨርሰው ይችላል፣ የባለጉዳዩም ፋይል አብሮት ይሄዳል። የመረጃ ማስተላለፍ ስሕተት የሚቆጥረው ሲ7 ብቻ እየጨመረ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ዲስኩን ከዋናው ሰሌዳ የሚያገናኘው የሳታ ኬብል ነው። ኬብሉን ቀይረን ቁጥሩ ባለበት መቆሙን እናያለን፤ ወደ ዜሮ አይመለስምና በከንቱ አይጠበቅ።

ራምዎ ሁለት ከሆነ አንዱን አውጥተን በአንዱ እናሠራዎታለን፣ ከዚያ እናለዋውጣለን። ወርቃማ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ፈተግ አድርገን፣ ፍርፋሪውን ጠርገን እስኪቆልፍ ድረስ እንገፋዋለን። ማታ ራም ፈታኙ ፕሮግራም፣ ሜምቴስት86፣ ተከፍቶ ያድራል፤ አራት ዙር። እዚህ ላይ ምሕረት የለም፤ አንዲት ስሕተት እንኳ ጥፋት ናት። «ከሚሊዮን አንድ ብትሳሳት ምን አለበት» ብለው እንዳይከራከሩን።

ስለ ሙቀት «ማርቆስ ብርድ ነው፣ እኔ ምን ያግለኛል» የሚሉ ከሆነ ተሳስተዋል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ያው ፋን በያው ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በዚያ ላይ የበጋው አቧራ በፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መሃል እንደ ስጋጃ ይነጠፋል። በብሎወር ስንነፋ ፋኑን በጣት እንይዘዋለን፣ አለዚያ ከመጠን በላይ ሾሮ ይበላሻል። የደረቀው ተርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) በአልኮል ተጠርጎ አተር የምታህል አዲስ ትደረጋለች። ግን ሙቀትን ሰበብ አያድርጉ፤ የጋለ ፕሮሰሰር አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ይንቀራፈፋል፣ ሲብስበት ድርግም ብሎ ይጠፋል። በ50 ዲግሪ ቀጥ ካሉ ሌላ ነገር ደብቀዋል።

የምንጠረጥረው ደግሞ ፓወር ሰፕላዩን ነው። ቢጫው ሽቦ በ11.4 እና በ12.6 ቮልት፣ ቀዩ በ4.75 እና በ5.25 መካከል መሆን አለበት፤ የሚለካውም ሥራ በዝቶብዎት ሳለ ነው፤ ሥራ ፈት ሆኖ የማይዋሽ የለም። ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ጫፋቸው ያበጠ ካፓሲተሮች ካሉ ግን የእሱም ወንጀል ተረጋገጠ። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ግን አንከፍትም፤ ከሶኬት ተነቅሎም ክፉ ቮልት ያቆያል። ሳጥኑ እንዳለ በደህና ሳጥን ይቀየራል።

ቅጣቱ በቅደም ተከተል ይፈጸማል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ ይቀየራል። በሁለት ቀን አንዴ የሚደርቁ ከሆነ ቢያንስ ሳምንት ሳይደርቁ ካልሠሩ «ዳንሁ» ቢሉም አንሰማዎትም።

ከሰላምታ ጋር
ወርቅዎን ፈላጊዎች

ግልባጭ፦
ለኤሌክትሪክ ምጣድ፦ 3 ኪሎ ዋት ገደማ እየበላሽ ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ መስመር መኖርሽ እንዲቀር።
ለስቴብላይዘር፦ ቮልት ማስተካከልህን እናመሰግናለን። መብራት ብልጭ ሲል ግን ባትሪ ካለው ዩፒኤስ በቀር ማንም አይተካውምና አትኩራራ።
ለ2032 ባትሪ (ለማዘርቦርዱ ሰዓት ጠባቂ)፦ ሰዓቱን በየጠዋቱ ወደ ኋላ የምትመልሰው አንተ መሆንህ ታውቋል። መድረቁ ያንተ ስላልሆነ ለብቻህ ትጠየቃለህ።