ዕጣ የጣለው ልጅ ባዶ እጁን ሄደ

የጎጃም ወገኖቼ ሆይ፣ በዚህ የገና ዕለት በሰፈራችን የተደረገውን ሁላችንም አይተናል፤ እኔ ግን ይቅር ልለው አልቻልሁም።

ከቅዳሴ መልስ የቅርጫው በሬ ታርዶ ሥጋው በቅጠል ላይ ተመደበ። ጉበቱ፣ ጨጓራው፣ ሽንጡና ጎድኑ ሳይበላለጥ ለየመደቡ ከተዳረሰ በኋላ፣ እንደ ልማዳችን እያንዳንዱ ባለ ድርሻ ምልክቱን ሰጠ፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ የጠርሙስ ቆርኪ። ዕጣውን የሚጥለው ምልክቱ የማን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው መሆን ስላለበት፣ አጥር ሥር ቆሞ ይመለከት የነበረ አንድ ልጅ ተጠራ። እናቱ ባሏ የሞተባት፣ ልብስ እያጠበች ልጆቿን የምታሳድግ ጎረቤታችን ናት። ከበዓሉ በፊት የመደቡን ግማሽ ዋጋ ይዛ መጥታ፣ ቀሪውን እስከ ጥር መጨረሻ እንድንታገሣት ለምናን ነበር። «ዱቤ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም» ተብላ ተመለሰች።

ልጁ ይህን ያውቃል። ቢሆንም ታዘዘ፤ እየተጎነበሰ ምልክቶቹን አንድ በአንድ በየመደቡ ላይ አኖረ፤ ሲጨርስም እጁን በቁምጣው ጠርጎ ቆመ። ሰው ሁሉ ድርሻውን በየሳፋው ሲያነሣ፣ በሰንበቴው የሚከበር አንድ ትልቅ ሰው «በል ሂድ፣ እናትህ ትፈልግሃለች» አለው። ሄደ። ቁራጭ አጥንት እንኳ የሰጠው አልነበረም፤ ሁላችንም ሥጋችንን ይዘን ገባን።

ከኅዳር 15 ጀምሮ ስንጾም የከረምነው ለዚህ ነውን? ልደት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ ይበላበታል፤ ጾምን የሚሽር ደስታ አንድ ሕፃንን ከደጅ እንዴት ይመልሳል? ማደሪያ አጥቶ በበረት የተወለደውን ጌታ ሌሊቱን ሙሉ ስናመሰግን አድረን፣ በነጋታው የድሃ ልጅ በእጁ አሠርተን ባዶውን ሰደድነው።

በጮቄ ሥር ባደግሁበት መንደር ከእኛ የባሰ ድህነት ነበር። ሆኖም በገና ቀን ጭስ የማይወጣበት ቤት አልነበረም። ቅርጫ መግባት ላልቻለ ከየመደቡ ይነሣለታል፤ በዱቤ የገባውም እህሉ እስኪወቃ ይጠበቃል። እናቴ ድፎውን ስትቆርስ የመጀመሪያውን ቁራሽ በእኛ እጅ ለጎረቤት ትልክ ነበር፤ እኛም ቶሎ ተመልሰን ወደ መስኩ ለመውጣት እንሮጥ ነበር። እዚያ ባላባቱና እረኛው አንዲት ሩር እያባረሩ ይጋፋሉ፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላልና እረኛው ባላባቱን ቅልጥሙን ቢመታው እንኳ የሚቆጣ የለም።

ኑሮ መክበዱን አልክድም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭቱ ከተጀመረ ወዲህ ስንቱ ቤት አባወራውን እንዳጣ፣ መንገድ ሲዘጋ ገበያው ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ግን ይበልጥ ሊያስተዛዝነን ይገባ ነበር፤ እኛ ግን እርስ በርስ በጥርጣሬ መጠባበቅን ተማርንበት። ያዘንሁትም ለሥጋው አይደለም። ያ ልጅ ሲያድግ ገናን በምን እንደሚያስታውሰው ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ።

ትሰሙኛላችሁ ብዬ በእርግጠኝነት አልናገርም፤ ከዚህ ቀደምም ተናግሬ ዝም ተብሏል። ነገር ግን ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ ቅርጫውም አይቀርም። በሬው ከመገዛቱ በፊት ሽማግሎቻችን ወደዚያች ሴት ቤት ይሂዱ፤ ይቅርታ ይጠይቋት፤ መደቧንም በስሟ ያስይዙላት። ያላትን ከከፈለች፣ የጎደለውን ከየድርሻችን እናዋጣ።