የጀርመን ነው!

መኪና ለመሸጥ ብዙ ማውራት የጀማሪ ደላላ ሥራ ነው። አዋቂው ደላላ እጁን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ «የጀርመን ነው» ይላል፤ ከዚያ ዝም። ገዢም ዝም። ሊብሬውን ማገላበጥ፣ ሞተሩን አስነስቶ ማዳመጥ፣ ጎንበስ ብሎ ከሥር የሚንጠባጠብ ዘይት መኖር አለመኖሩን ማየት ከዚህ በኋላ ነውር ነው። ታቦት ፊት ቆሞ ደረሰኝ የሚጠይቅ የለም።

ይህን ጨዋ ልማድ የሚያመሰግን ሰው በመጥፋቱ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ዛሬ ዕዳዬን ልከፍል ነው።

ሰሞኑን ጎረቤታችን ጋሼ መኪና ገዙ። በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ባለ ሦስት ረድፍ ወንበር፣ አይዲ 6 የተባለው ቮልስዋገን። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ መረቀ። እኔ ዘግይቼ ስደርስ ጋሼ አንድ ቃል ሳይናገሩ በሩን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

«ሰማህ?»

ሰማሁ። በር ሲዘጋ የሚሰማ ድምፅ ነው።

«ይህ ነው ጀርመን!» አሉና እንዳያመልጠኝ ብለው ደግመው ዘጉልኝ።

ከዚያ ገብቼ እንድቀመጥ ጋበዙኝ። ከመሪው አጠገብ ያለው ሰፊ ስክሪን ከዳር እስከ ዳር በቻይና ፊደል ተሞልቷል። አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ፣ እዚያው ቻይና ውስጥ የሚመረት ሞዴል ነው። ጀርመናዊ በገዛ ከተማው ወደሚገኝ የቮልስዋገን መሸጫ ሄዶ «አንድ ስጡኝ» ቢል ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህን በለዘብታ ላነሳ ሞከርኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጽሑፍ ግን...»

«ጽሑፉን ተወው፤ ብረቱን እይ» አሉኝ።

ተውኩት። ብረቱንም አየሁ። እምነት ማለት ይህ ነው።

ታዲያ ይህን እምነት እኛ የፈጠርነው እንዳይመስለን፤ ጀርመኖቹ ቀድመውናል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን እቆጥራለሁ፤ የጀርመን ነገር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲነገር ክብሩ የሚቀንስ ይመስለኛል።) ሂትለር ለተራው ጀርመናዊ ቤተሰብ የምትሆን ርካሽ መኪና አሰኘው። የንድፉን ሥራ በ1934 ፈርዲናንድ ፖርሸ ተረከበ። ዋጋዋ 990 ማርክ እንዲሆን ተቆረጠ። በግንቦት 1938 በፋለርስሌበን አቅራቢያ የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ለመኪናዋ የወጣላት ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ብርታት በደስታ» ማለት ነው። ስም ማውጣት እንዲህ ነው እንጂ!

ክፍያው ግን ከመኪናዋ ይቀድማል። ገዢ በየሳምንቱ የ5 ማርክ ቴምብር እየገዛ ደብተሩ ላይ ይለጥፋል፤ ደብተሩ ሲሞላ መኪናው ይመጣል። ይህን ነገር እኛ በደንብ እናውቀዋለን፤ ዕቁብ ነው። ልዩነቱ የእኛ ዕቁብ ዕጣ የሚወጣለት መሆኑ ብቻ ነው። 336,000 ያህል ሰው ተመዘገበ። ለጠፈ፣ ለጠፈ። 990ን ለ5 ያካፈለ ሰው ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ መለጠፍ ይጠብቀው እንደነበር ይደርስበታል። በ1939 ጦርነቱ ፈነዳ፣ ፋብሪካው ለሠራዊቱ ማምረት ጀመረ። ከእነዚያ ሁሉ ቆጣቢዎች መካከል በቴምብሩ መኪና የተረከበው ሰው ብዛት ለመጻፍ የሚያስቸግር አይደለም፤ 0 ነው። «ላም አለኝ በሰማይ» ብለን የምንስቅበት ሰው ቢያንስ ለላሚቱ ሣር በየሳምንቱ 5 ማርክ አልከፈለም።

ከጦርነቱ በኋላ ቆጣቢዎቹ ደብተራቸውን ይዘው ፍርድ ቤት ቆሙ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ! ክርክሩ እስከ 1961 ተጎተተና በስምምነት ተቋጨ። አዲስ ቮልስዋገን የሚገዛ እስከ 600 ማርክ ይቀነስለታል፤ አልፈልግም የሚል እስከ 100 ማርክ በእጁ ይቀበላል። የነገሩን ጥበብ አስተውሉልኝ። ከፍለህ ያልደረሰህ መኪና ካሳው፣ እንደገና ከፍለህ ሌላ መኪና እንድትገዛ መጋበዝ ነው። እንዲህ ያለ ካሳ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ነጋዴ ቢያቀርብ ሰፈር በድንጋይ ይወጣበታል። ለጀርመኑ ግን ሰው አመስግኖ ገዛ።

በጦርነቱ ዓመታት ፋብሪካው ውስጥ 20,000 ያህል ሰዎች በግዳጅ ሠርተዋል፤ የጦር ምርኮኞች፣ ከተያዙ አገሮች እየታፈሱ የመጡ፣ ከማጎሪያ ካምፕ የተወሰዱ እስረኞች። እዚህ ላይ ውዳሴዬን ላቋርጥ። በሽሙጥ የማይነካ ነገር አለ። ኩባንያው ራሱ ሃንስ ሞምዘን የተባለውን የታሪክ ምሁር አስጠንቶ ውጤቱ በ1996 በመጽሐፍ ወጥቷል፤ በ1998 ደግሞ በሕይወት ለተረፉት የድጎማ ገንዘብ አቋቁሟል። እነሱ እንኳ የጻፉትን ታሪክ እኛ ዘንድ የሚያነሳው የለም፤ ደላላው ኮፈን ላይ እጁን ሲያሳርፍ የሚዘጋው ጥያቄ ይህንንም ይጨምራል።

ወደ ምስጋናው ልመለስ። በ1945 በቦምብ የተደበደበው ፋብሪካ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀ። ሜጀር አይቫን ኸርስት የተባለ መኮንን ጣሪያው የተቦደሰውን አዳራሽ ጠጋግኖ ሥራ አስጀመረ፤ የእንግሊዝ ጦርም 20,000 መኪና አዘዘ። የእንግሊዝ መኪና አምራቾች መጥተው ፋብሪካውን እንዲያዩ ቢጋበዙ መኪናዋን አስቀያሚና ጫጫታ የበዛባት ብለው ንቀው ሄዱ። እንግዲህ «የጀርመን ተአምር» የምንላትን ከሞት ያስነሳት እንግሊዛዊ ነው። የናቃትም እንግሊዛዊ ነው። ይህን ሁሉ አድርገው ዛሬ «የእንግሊዝ ነው» ብሎ ዝም የሚል ደላላ አላገኙም። ምስኪኖች።

ትንሿ ቮልስ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ መወደሷ ሲያንሳት ነው። ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ስለሆነ ራዲያተር አፈሰሰ፣ ውሃ ጎደለ የሚባል ነገር አታውቅም። እንጦጦ ዳገት ላይ ኮፈኑን ከፍቶ በሃይላንድ ውሃ የሚያርከፈክፈውን ባለ ዘመናዊ መኪና ጥሩምባ ነፍታ ታልፈዋለች። በ1972 የካቲት ወር በተመረተው ብዛት የፎርድን ሞዴል ቲ በለጠች፤ በመጨረሻም 21,529,464 ደረሰች። የመጨረሻዋ በሐምሌ 2003 ስትወጣ ግን የወጣችው ከሜክሲኮዋ ፑዌብላ ከተማ ነው። ጀርመን ራሷ በ1978 መሥራቷን ትታ ነበር። ማሪያቺ ዘፋኞች እየዘፈኑ የሸኟት «የጀርመን» መኪና እሷ ነች።

በነገራችን ላይ ኩባንያው ቋሊማም ያመርታል። ቀልድ አይደለም። ከ1973 ጀምሮ ቮልፍስቡርግ በሚገኘው ፋብሪካ የራሱን ቋሊማ እየሠራ ነው፤ ቋሊማውም እንደ ፍሬን ሸራና እንደ ዘይት ማጣሪያ የመለዋወጫ ቁጥር ተሰጥቶታል፦ 199 398 500 ኤ። በ2024 ከ8 ሚሊዮን በላይ ሸጧል። የቮልስዋገን ምልክት የተለጠፈባቸው መኪኖች ብዛት እዚያ አልደረሰም። በዚህ ሒሳብ የአገሬ ሰው ትልቁን የጀርመን ምርት ገና አልቀመሰም።

አሁን ወደ ዋናው ገድል ልግባ፤ ይህ ሳይነገር ውዳሴው ጎደሎ ነው።

በ2000ዎቹ መጨረሻ ቮልስዋገን ለአሜሪካኖች «ንጹሕ ናፍጣ» ይዞ ቀረበ። ጉልበት አለው፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጭሱም ንጹሕ ነው ተባለ። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሞተር ውስጥ በርካሽ እንደማይገናኙ የሌሎቹ አምራቾች መሐንዲሶች ያውቃሉ፤ «እንዴት አደረጉት?» እያሉም ጭንቅላታቸውን ያክኩ ነበር። መልሱ ግልጽ ነበር፤ የጀርመን ነዋ! ጄታ የተባለችው ባለ ናፍጣ የ2009 «የዓመቱ አረንጓዴ መኪና» ተብላ ተሸለመች።

ከዚያ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጡ። መጥፎ ሰዎች አልነበሩም፤ ያደረጉት «የጀርመን ነው» ከተባለ በኋላ ጎንበስ ብሎ ማየት ብቻ ነው። መለኪያቸውንና ጄኔሬተራቸውን ከመኪናው ኋላ ጭነው፣ ቧንቧውን ከጭስ መውጫው ጋር አገናኝተው፣ ከሎስ አንጀለስ እስከ ሲያትል ነዱ። ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደ ጠበል ሲጠራ የነበረው ጭስ መንገድ ላይ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በመስከረም 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነገሩን አወጣው፤ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባለው ጎጂ ጋዝ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። ኩባንያው በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ጉዳዩ እንደሚነካቸው አመነ።

አሠራሩ ግን ሊደነቅ ይገባል። መኪና ጭሱ ሲመረመር ሮለር ላይ ይቆማል፤ ጎማው ይሽከረከራል፣ መሪው ግን አይዞርም። የመኪናው ኮምፒውተር መሪውን፣ ፍጥነቱን፣ የቆየበትን ጊዜ፣ የአየሩን ግፊት ያገናዝብና «አሃ፣ እየታየሁ ነው» ይላል። ወዲያው የጭስ ማጣሪያውን በሙሉ ኃይል ያሠራል። መርማሪው ፈርሞ ሲሸኘውና መሪው ሲዞር ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። እንግዳ ሲመጣ ጉልበት ስሞ፣ እጅ አስታጥቦ፣ እንግዳው ከበር ሲወጣ ቤቱን የሚያተራምስ ልጅ እናውቃለን። ለዓመታዊ ምርመራ የጎረቤቱን የእሳት ማጥፊያና ተጠባባቂ ጎማ ተውሶ ሄዶ፣ ቦሎውን ለጥፎ ሲመለስ ዕቃውን የሚያስረክብ ባለመኪናም እናውቃለን። የእኛው ሰው ግን ይህን የሚያደርገው በእጁ፣ በዓመት አንዴ፣ በፍርሃት እያላበው ነው። ጀርመኖቹ ይህንኑ ነገር ያለ ላብ፣ ያለ ውሰት፣ በ11 ሚሊዮን ብዛት ሠሩት። ጥራት!

አለቅየው ማርቲን ቪንተርኮርን በቀናት ውስጥ ሥልጣን ለቀቁ። «ዳስ አውቶ»፣ መኪና ማለት እኛ ነን የሚለው መፈክር በዚያው ዓመት መጨረሻ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጄታም አረንጓዴ ሽልማቷን ተነጠቀች። ኩባንያው ከአሜሪካ ገዢዎች መልሶ የገዛቸው መኪኖች የሚቆሙበት ቦታ ታጥቶ ሚሺጋን ውስጥ ያለ የተዘጋ ስታዲየም ግቢ ሞሉ። ቅጣቱ፣ ካሳውና ጥገናው ተደምሮ ከ30 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ወጣበት።

ታዲያ ዓለም ምን አለ? በቀጣዩ ዓመት፣ በ2016፣ ቮልስዋገን ከ10 ሚሊዮን በላይ መኪና ሸጦ ቶዮታን ቀደመና በሽያጭ የዓለም አንደኛ ሆነ። እኛን ብቻ የምታሙ እዚህ ላይ አፋችሁን ያዙ። አንድ ሰው ዋሽቶ ተይዞ በማግስቱ ገበያው የደራለት በሌላ በየትኛው ሰፈር ነው? ጃፓናዊውን ሻጭ ቀና ብሎ ያየ ሰው አናውቅም፤ የእሱ መኪና ግን ባለመሰበሩ የሚናቅ ብቸኛ መኪና ሳይሆን አይቀርም። «ቶዮታማ ሁሉም አለው» ይባላል።

ለእኛም የተስፋ ቃል አልጠፋም። በጥር 2019፣ የጀርመኑ ፕሬዝዳንት አዲስ አበባ በመጡበት ሰሞን፣ ቮልስዋገን ከኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሞ ነበር፤ መኪና እዚሁ ስለመገጣጠም። ከዚያ ወዲህ መንገዳችንን የሞሉት ባለ ኤሌክትሪክ ቮልስዋገኖች የመጡት በቻይና በኩል ነው። ቢሆንም ከ1938ቱ ቆጣቢዎች እንሻላለን፤ ቴምብር አላስለጠፉንም።

ባለፈው እሑድ ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲሉ መኪናው ይጮህባቸው ጀመር። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ስክሪኑ ላይ የቻይና ፊደላት ብልጭ ድርግም ይላሉ። ጋሼ አንዱን ነኩ፣ ሌላውን ነኩ፣ በሩን ከፍተው ዘጉ። ያ ግርማ ሞገስ ያለው ድምፅ ተሰማ፤ ጩኸቱ ግን አልቆመም። ዩኒቨርሲቲ ቻይንኛ የሚማረው የሰፈራችን ልጅ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ በነጠላ ጫማ መጣ፤ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ አነበበ።

«ጋሼ፣ ቀበቶ ይሰሩ ነው የሚለው።»

ጋሼ ቀበቷቸውን ስበው ቀጭ አደረጉ። ጩኸቱ ጸጥ አለ። ወደ እኔ ዞረው በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አየህ የጀርመንን ጥንቃቄ?»